የጅቧ ግራ ጉንጭ

ሐምሌ 3

ይህን ደብተር የጀመርኩት ሰው ማማት ስላበዛሁ ነው። እማዬ ሰለቻት። "ልጄ፣ የኔ ጆሮ ሞልቷል፤ ሐሜቱን ለወረቀት ንገሪው" አለችኝ። እሺ፣ እነግረዋለሁ።

ከሰኔ ሚካኤል ማግስት ጀምሮ የፊቴ ግራ ጎን አልታዘዝ ብሎኛል። ጠዋት አፌን ልጉመጠመጥ ስል ውሃው በግራ በኩል አምልጦ ደረቴ ላይ ፈሰሰ፤ በዚያው ቀረ። ዓይኔ አይከደንም፣ ቅንድቤ አይነሳም፣ ስስቅ ግማሼ ብቻ ይስቃል። ሐኪሙ የፊት ነርቭ ነው፣ ቀስ እያለ ይመለሳል ብሎ ኪኒን፣ የዓይን ጠብታና ማሻሸት አዘዘልኝ። ጎረቤት ነፋስ መታት አለ። እማዬ ደግሞ ማን እንደመታኝ ታውቃለች፤ ስሙን ግን አትጠራም።

እኔ ተዋናይ ነኝ። ማለቴ፣ ትልቅ አይደለሁም። በሥራ ቀን ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ሰፈራችን ወጣት ማዕከል አዳራሽ ውስጥ ለልጆች ቴአትር እንሠራለን። የጉለሌ ልጆች ሰምሀል መባሌን አያውቁም። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ "ጅቢት! ጅቢት!" ነው የሚሉኝ። ጅቧ የምትታወቀው በሳቋ ነው። እስኪ እንግዲህ በዚህ ፊት ሳቂ!

አዘጋጃችን ጋሽ ዓምሃ "እስኪሻልሽ ሮዳስ ትያዘው፤ ለጊዜው ነው" አሉኝ። ለጊዜው የሚባለውን ነገር አውቀዋለሁ። ሰፈራችን ለጊዜው ተብሎ የታጠረ የቆርቆሮ አጥር አለ፤ እኔ ስወለድም ነበረ።

ሐምሌ 5

ሐሳብ መጣልኝ! ጅቧ ጭምብል ብታደርግስ? ፊቴን ማን ያየዋል? ድምፄ እንደሆነ አለ። ፐ ስል ትንሽ ንፋስ ያመልጠኛል፤ ጅብ ደግሞ ፐ አትልም።

ጋሽ ዓምሃ ጢማቸውን እያሹ ሰሙኝና "መልካም። ጭምብሉን ለአዲስ ዓመት ካደረስሽው ጅቧ ያንቺ ናት። ካልደረሰ ግን ሮዳስ ቀለም ተቀብታ ትወጣለች" አሉ።

ሮዳስ አጠገባቸው ቆማ ነበር። "ደስ ይላል!" አለች። ለምን ደስ ይላታል? ቦታው ከእጇ ሊወጣ ነው ሲባል ደስ የሚለው ሰው የት አገር ነው ያለው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ አልመነጠርም።

ሐምሌ 9

የሚያስተምረኝ ኦልያድ ነው። የመድረክ ዕቃችንን የሚሠራልን ልጅ ነው፤ እንጀራው ግን ሸጎሌ ጋራዥ ውስጥ የተሰበረ የሚኒባስ ፓራውልት በፋይበርና በሬዚን መጠገን ነው። "በቃ፣ ጅብም ፓራውልትም አንድ ነው፤ ሁለቱም የሚመቱት ከፊት ነው" አለኝ። በራሱ ቀልድ ከሁሉም በፊት የሚስቀው ራሱ ነው።

ዛሬ ፊቴን ቀዳው። ቫዝሊን ተቀባሁ፣ አፍንጫዬ ውስጥ ስትሮ ሰካልኝ፣ አግዳሚ ላይ ተጋደምኩና ጀሶ የተነከረ ፋሻ ፊቴ ላይ ደረደረብኝ። ግራ ዓይኔ አይከደን የለ፣ መጀመሪያ በፕላስተር አሸገው። ጀሶው ሲጠነክር ይሞቃል። መናገር አይቻልም። ውጭ ገበያው ላይ በግ የሚያወርዱ ሰዎች ይጮሃሉ፤ የሚያወሩት ሁሉ ስለ እኔ መሰለኝ።

ከዚያ በወጣው ቅርጽ ውስጥ ሌላ ጀሶ ሞላበት። ሲፈታው የኔ ፊት ወጣ። ነጭ፣ ግራ ጉንጩ የወረደ፣ የአፉ ጫፍ የተንጠለጠለ። ከሰኔ ወዲህ መስታወት አላየሁም፤ ቤት ያለውን ወደ ግድግዳ አዙሬዋለሁ። ስሸሸው የነበረውን ሸጎሌ ድረስ ሄጄ አየሁት።

ኦልያድ ከጀሶው ላይ ፍርፋሪውን አራገፈ። ከዚያ "ጭምብል እንደ ጫማ ነው፤ ልክሽ ካልሆነ ስትዘይ ይወልቃል። ወረቀቱን የምንለጥፈው እዚህ ፊት ላይ ነው፤ ቁጭ ብሎ እንዲያቅፍሽ" አለ። ጀሶውን ቤት አልወስድም አልኩት። በፌስታል ጠቅልሎ ጋራዡ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው።

ሐምሌ 14

ጋዜጣ መቅደድ ተማርኩ። በመቀስ አይቆረጥም፣ በእጅ ነው የሚቀደደው፤ ጫፉ ሲሻክር ነው ከጎረቤቱ ጋር የሚዋሃደው። የዱቄት ሙጫ ከኮላ ጋር ይቀላቀላል። አንድ ድርብ፣ ማድረቅ፣ ሌላ ድርብ፣ ማድረቅ። በክረምት! የእንጦጦ ጉም ጠዋት ጠዋት ጋራዡ ድረስ ይገባል። ይሄ ወረቀት ከሚደርቅ እኔ ብደርቅ ይቀላል። ከሰል ስናስጠጋው ደግሞ ያብጣል።

ኦልያድ "ቀስ በይ" ይለኛል። "ቀስ በይ፣ ሰምሀል።" ቀስ እንድል የሚፈልገው ለምንድነው? መስከረም ሲያልፍብኝ ማን ነው የሚጠቀመው? ይቅር ይበለኝ፣ ልጁ በነፃ ነው የሚያስተምረኝ። ግን በነፃ የሚባል ነገርም አውቃለሁ።

ሐምሌ 21

ሌላ ድርብ። ሻጋታ ሸተተኝ። ኮላ አለቀ። ሻርፔን ጋራዥ ረሳሁት፣ ግማሽ ፊቴን በእጄ ሸፍኜ ታክሲ ገባሁ። ረዳቱ "ጥርስሽን ነው እህቴ?" አለኝ። አዎ አልኩት።

ሐምሌ 26

የማልረሳውን ሰማሁ። ከልምምድ በፊት ወደ ልብስ መቀየሪያው ስደርስ ሮዳስ ለጋሽ ዓምሃ "ልኩን ወስጃለሁ፤ ሰምሀል እንዳትሰማ ብቻ" ስትላቸው ሰማሁ። ስገባ ወሬው ተቀየረ። ጋሽ ዓምሃ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ። እኚህ ሰውዬ ስለ ዝናብ አውርተው አያውቁም!

የምን ልክ? የኔ ጭምብል ያለው ጋራዥ ነው። የሮዳስ ቤት ሽሮ ሜዳ ነው፤ አባቷ ሸማኔ ናቸው፤ ሸጎሌ ምን ያስኬዳታል? ግን ኦልያድና ሮዳስ በአንድ ታክሲ ሲሄዱ አይቻለሁ። ሲስቁም አይቻለሁ። የኔን ጭምብል በሷ ልክ ሊያሠሩት ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? እኔ ወረቀቱን ስለጥፍ ከርሜ፣ ለመድረኩ ቀን "ውይ፣ አልሆነሽም? እስኪ ሮዳስ ትሞክረው" ሊሉኝ ነው።

ነገ ወደ ቤት አመጣዋለሁ። ከዚህ በኋላ ከዓይኔ አይርቅም።

ሐምሌ 27

አመጣሁት። አፍንጫው ካርቶን፣ ጆሮው ካርቶን፣ ሌላው ሁሉ ጋዜጣ። ለበስኩት፤ ልክክ! ግራ ጉንጬ የወረደበት ቦታ ሁሉ ገብቶ አቀፈኝ። በዚህ አንድ ወር ተኩል እንደዚህ ያቀፈኝ ሰው የለም።

እማዬ ስታየው "በስመ አብ ወወልድ!" ብላ ወንበር ያዘች።

"ይሄን ነው የምታደርጊው? የታመመ ፊት ላይ የጅብ ፊት?"

"ወረቀት እኮ ነው፣ እማዬ።"

"ክታብም ወረቀት ነው" አለችኝ።

ነሐሴ 2

ዛሬ ሬዚን፣ ወረቀቱን እንደ ፕላስቲክ የሚያጠነክረው ፈሳሽ። ኦልያድ በጠርሙስ ቀድቶ ሰጠኝ፤ ማድረቂያውን ለብቻው በሲሪንጅ። "ማድረቂያው ከበዛ ይሰነጠቃል፣ ካነሰ ሲጣበቅብሽ ይኖራል። ውሃ እንዳይነካው! እስኪደርቅ አንዲት ጠብታ ከነካችው ነጭ ሆኖ ይቀራል" ብሎ ደጋግሞ ነገረኝ። ውጭ ማዕድ ቤት ውስጥ፣ በሩን ከፍቼ፣ አፍንጫዬን አስሬ ቀባሁት። ሽታው ራስ ያዞራል። ጣሪያው አያፈስም፣ አይቻለሁ።

ፍልሰታ ገብቷል። እማዬ በጨለማ ተነስታ ቤተ ክርስቲያን ትሄድና በሃይላንድ ጠበል ይዛ ትመለሳለች። ከዚያ ማን ይተኛል? ፊቴ ላይ እፍ! ነቅቼ እቆጣለሁ። አልጋውን ትረጫለች፣ በሩን ትረጫለች፣ ቴሌቪዥኑ እንኳን አይቀርለትም።

ነሐሴ 4

ጉድ ሆንኩ። ጭምብሉ ነጭ ነጠብጣብ ወጥቶበታል፣ ፈንጣጣ የያዘው ይመስላል። ይጣበቃል። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ፣ ደግሜ ቀብቼ አደርኩ።

ነሐሴ 6

ያው! ነጠብጣብ፣ ሙጭጭ ያለ። ሁለቴ እንዴት ይሆናል? ሲሪንጁን ወደ መብራት አንስቼ አየሁት። ውሃ መሰለኝ። ነገሩ ገባኝ፣ ሸጎሌ ሄድኩ።

"ማድረቂያው ውስጥ ውሃ ቀላቅለህበታል" አልኩት፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት።

ኦልያድ እጁን በጨርቅ ጠረገ። "እኔ? ለምን ብዬ?"

"ለማን ብለህ ነው እንጂ!"

"ሰምሀል፣ ይሄንኑ ሬዚን ትናንት ሚኒባስ ላይ ቀብቼዋለሁ፤ ሂጂና በድንጋይ ምቺው። ውሃ የገባው ቤትሽ ነው። ቤት ያለውን ሰው ጠይቂ።"

ቤት ያለው ሰው! ቤት ያለችው እናቴ ናት። ዘጠኝ ወር የተሸከመችኝን በኦልያድ ልለውጣት? በሩን ወርውሬ ዘግቼ ወጣሁ። የጋራዥ በር ቢወረወርም ብዙ አይጮህም ለካ።

ነሐሴ 8

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

ጠዋት የማዕድ ቤቱን በር ስከፍት እማዬ ጭምብሉ ፊት ቆማለች። ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ፣ ሃይላንዱን ይዛ፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ እየረጨችው ነው። ጆሮውን፣ አፍንጫውን፣ ግራ ጉንጩን ሦስት ጊዜ።

"እማዬ!"

"ምን ታደርጊኛለሽ!" አለች፣ ደንግጣ ግን ሳታቆም። "ያንቺን ፊት የሚነካ ነገር ሳይባረክ አያርፍብሽም። በየጠዋቱ ነው የምረጨው፤ እስከ ፍልሰታ ፍቺ እረጨዋለሁ።"

ብው አልኩ። ጠበሉ ሬዚኑን ይገድለዋል ብዬ ጮህኩ። "ጠበል የሚገድለው ነገርማ ድሮም ጤና የለውም" አለችኝ። ይሄን ስትል ሳልፈልግ ሳቄ መጣ፤ አቃተኝ፣ ግድግዳ ተደግፌ ሳቅኩ። እማዬ ቀና ብላ ፊቴን አየችኝ። ዓይኗ እንባ ሞላ። "ተመስገን" አለች፣ "ተመስገን አምላኬ።" ምኑ ነው የሚያስመሰግነው? ጭምብሌን አበላሽታ ተመስገን!

ተስማማን። እኔን ትረጫለች፣ ጭምብሉን አትረጭም።

ለኦልያድ መንገር አለብኝ። ነገ።

ነሐሴ 13

እንደገና ፈግፍጌ የቀባሁት ጭምብል ደረቀ! ጥርት ያለ፣ ጥፍር የማይዘው። ቡኒ ቀለሙን ስቀባው ውሻችን ጮኸበት፤ ከዚህ በላይ ምስክር አልፈልግም።

ስለብሰው ግራ ጉንጬን ትንሽ ቆነጠጠኝ። ሬዚኑ ይሆናል።

ለኦልያድ አልነገርኩትም። ስልክ ከፍቼ ዘጋሁ። "ይቅርታ፣ እናቴ ነበረች" ይባላል? ደግሞ የሮዳስ ልክ ጉዳይ ገና አልተጣራም።

ነሐሴ 17

ፍልሰታ ተፈታ። ሾርባ የምጠጣበት ስትሮ ጠፋብኝ። እማዬን ብጠይቃት "ያለሱ መጠጣት ከጀመርሽ ሰነበትሽ እኮ" አለችኝ። ልታጽናናኝ ነው። ማታ ማታ ዓይኔ ላይ የምለጥፈው ፕላስተርም የት እንደገባ አላውቅም። በዚህ ቤት ዕቃ እግር አውጥቷል።

"ፊትሽ እኮ..." ብላ ስትጀምር "እማዬ፣ አታሹፊብኝ!" አልኳት። አኮረፈች። ጥሩ።

ነሐሴ 22

ልምምድ ነበር። ትናንት ዝናቡ ስላየለ ጭምብሉን አዳራሽ አሳድሬው ነበር። አጥፍቻለሁ፣ አውቃለሁ፣ ደብተሬ አትቆጣኝ። ዛሬ ስለብሰው ግራ ጉንጬን ክፉኛ ነከሰኝ። በቀኝ በኩል ደህና ነው፤ በግራ ጭምብሉ ገደል፣ የኔ ጉንጭ ጉብታ። ሐምሌ ላይ ልክክ ያለው እንዴት አሁን ይነክሳል?

ሰው ነክቶታል።

ሳወልቀው ሮዳስ ትክ ብላ አየችኝና ፈገግ አለች።

"ምን ያስቅሻል?"

"ምንም። ዛሬ አምሮብሻል።"

ወይ ድፍረት! እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ አሉ። በሰው ቁስል ትጫወታለች። ሻርፔን ተጠምጥሜ ወጣሁ። ከዛሬ ጀምሮ አላናግራትም።

ነሐሴ 28

እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ እጽፋለሁ።

አንደኛ ነገር፣ ልኩን ወስጃለሁ ያለችው በጆሮዬ ነው። ከዚያ ጭምብሉ አዳራሽ ያደረ ቀን ቁልፉ የማን ነው? የጋሽ ዓምሃ። ኦልያድ ደግሞ ተቆጥቶኛል፤ የተቆጣ ሰው ደግሞ ያግዛል። በሙቀት ሬዚን እንደሚለዝብ ያስተማረኝ ራሱ ነው። ከሰል አስጠግተው፣ አለስልሰው፣ በሮዳስ ጉንጭ ልክ ገፉት። ሮዳስ ጉንጯ ሙሉ ነው፣ ግን... ያን ያህል ከሞላ ለኔ ሰፊ ነበር መሆን ያለበት። ይሄኛው ጠበበ። አላውቅም። ፊዚክስ አልተማርኩም። ብቻ ነክተውታል።

ሁሉም ያዩኛል። ሁሉም ፈገግ ይላሉ። ፎቶ ኮፒ ቤት የሚመጡት ሰዎች እንኳን ሰሞኑን ፊት ለፊት እያዩኝ ያወሩኛል፤ በፊት ዓይናቸውን ይሰብሩ የነበሩት። ተስማምተው ነው? ምን አደረግኳችሁ?

ከጅቧ ሌላ ምን አለኝ? ጅቧን ከወሰዱብኝ በመንገድ ላይ ስሜን የሚጠራኝ የለም። ይሄው ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ከመባሌ በፊት መናገር አለብኝ።

ለኦልያድ አሁንም አልነገርኩትም። ለእሱ መንገር በየቀኑ እየከበደኝ ነው።

ጳጉሜ 3

ሩፋኤል። የሰፈሩ ልጆች በሙሉ ራቁታቸውን ዝናቡ ውስጥ። "ጅቢት ነይ ተጠመቂ!" አሉኝ ከአጥሩ ማዶ። ያቺን ከመታመሜ በፊት የማፏጭላቸውን ፉጨት አፏጨሁላቸውና ሮጡ። እማዬ በረንዳ ላይ ቆማ ታየኛለች፤ እጇን አፏ ላይ ጭናለች። ሴትየዋ ሰሞኑን ምን ነክቷት ነው?

ጉንጬ ቆስሏል። ጭምብሉ የነከሰበት ቦታ።

ጳጉሜ 4

ፊደሌ ካልተነበበ ይቅር።

የመጨረሻው ልምምድ ነበር። የሳቁ ቦታ ላይ ስዘል ጭምብሉ ቁስሌን ጫነውና ጮህኩ። አወለቅኩት፣ ወለል ላይ ወረወርኩት፣ አልተሰበረም፤ በደንብ ነው የሠራሁት።

"በልክሽ አስቀየርሽው አይደል!" አልኳት ሮዳስን። "ልኩን ወስጃለሁ ስትዪ ሰምቼሻለሁ። አንተም ኦልያድ፣ አንተ ነህ የሠራህላት። ጋሽ ዓምሃ፣ እርስዎም ቁልፉን ሰጥተዋቸዋል። ቦታውን ከፈለጋችሁት ፊት ለፊት ንገሩኝ! የታመመ ሰው እንዲህ አይደረግም!"

"ሰምሀል!" አሉ ጋሽ ዓምሃ። ሮዳስ ፊቷ ዐመድ መሰለ። ኦልያድ ጭምብሉን ከወለሉ አነሳ፣ ዙሪያውን አየው፣ ውስጡን በጣቱ ዳበሰው፣ ወንበር ላይ አስቀመጠውና ዝናቡ ውስጥ ወጣ። የሄደ መስሎን ነበር። ሸጎሌ ደርሶ ፌስታል ይዞ ተመለሰ።

ፌስታሉን ፈታ። የሐምሌ ፊቴ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ነጭ፣ ጉንጩ የወረደ። ኦልያድ ጭምብሉን አንስቶ በጀሶው ላይ አለበሰው።

ልክክ አለ። በግራም በቀኝም። ፀጉር አያስገባም።

"ጭምብሉ ያው ነው" አለ ኦልያድ። ቀልድ አልጨመረበትም።

"ታዲያ ምንድነው የተቀየረው?" አልኩ። እንደ ጅል! ጮክ ብዬ፣ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ነው የጠየቅኩት።

ሁሉም ፊቴን አዩት። ጋሽ ዓምሃ መነጽራቸውን አወለቁ። ሮዳስ እያለቀሰች ሄዳ ከቦርሳዋ ጨርቅ አወጣች፤ ቡኒና ግራጫ፣ ጥቁር ነጠብጣብ የተጠለፈበት፣ እንደ ጅብ ቆዳ። ካባ ነው። ትከሻዬ ላይ ጣለችው። "ልኩን የወሰድኩት ከአሮጌው የመድረክ ቀሚስሽ ነው። አባቴ ነው የሸመነው። ለእንቁጣጣሽ ልሰጥሽ ነበር" አለች። ከዚያ "አሁን ውሰጂው፣ ሂጂልኝ" አለች።

ካባው ልኬ ነበር።

ቤቴ እስክደርስ ሻርፔን አለመጠምጠሜን አላወቅኩም ነበር። እማዬን "መስታወቱን አዙሪልኝ" አልኳት። አዞረችው። ግራ ቅንድቤ ሲነሳ ከቀኙ ትንሽ ይዘገያል። ሳኮርፍ የአፌ ጫፍ አሁንም ያንሳል። ሌላው ግን እኔ ነኝ። እኔ! ጉንጬ ወደ ቦታው ወጥቷል፤ የወጣበት ቦታ ላይ የጭምብሉ ቁስል አለ።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አልነገርኩሽም? አታሹፊብኝ አላልሽኝም?" ጉንጬን በመዳፏ ያዘችው። "ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ አንቺስ ፊትሽም ባዳ ሆነብሽ።" ከዚያ ጠበሉ ነው አለች። እኔ ኪኒኑም ነው ማለት ነበረብኝ። አልተከራከርኩም። ጭኗ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፣ በሁለቱም ዓይኔ።

ጳጉሜ 5

ያስቀየምኩትን ይዤ ዓመት አልሻገርም ብዬ ወጣሁ። መጀመሪያ ሸጎሌ። ለኦልያድ የጠበሉን ነገር ከነሐሴ ጀምሮ እስከዛሬ እንደደበቅኩት ነገርኩት።

"የእናትሽን ጠበል ነው በኔ ያላከክሽው?" አለ። አፈጠጠብኝ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ፣ ግን እንደ ሁልጊዜው አይደለም። "ከፋኝ እኮ፣ ሰምሀል። ሠራተኛው ሁሉ ውሃ ቀላቃይ እያለ ይጠራኛል።" ስለዚህ ያኔ በተሰበሰቡት ሰዎች ፊት ቆሜ ይቅርታ ጠየቅኩት። ፊቴ ጋለ፣ ሁለቱም በኩል።

ከዚያ ሽሮ ሜዳ። የሮዳስ አባት ከመሸመኛው ጉድጓድ ቀና ብለው "ካባው ጠበበ እንዴ ልጄ?" አሉኝ። "ኧረ አልጠበበም አባባ፣ እኔ ነኝ የጠበብኩት" አልኳቸው። ሮዳስ በር ላይ ቆማ ሰማችኝ። "ይቅርታሽን ተቀብያለሁ፤ ግን ገና አኩርፌሻለሁ" አለች። መብቷ ነው።

መስከረም 2

ጭምብሉ አሁን ለማንም አይሆንም። የሚሆነው ለጀሶው ብቻ ነው። አዲስ ቀድቶ ለማድረቅ ቀን የለም። ጋሽ ዓምሃ "ያለ ጭምብል ውጪ" አሉ። አልችልም አልኩ። አልዋሽም፣ እፈራለሁ፤ ቅንድቤ ይዘገያል።

"እንግዲያው ሮዳስ ትውጣ" አልኳቸው፣ ከልቤ። ሮዳስ ግን ከማኩረፏ ሳትወጣ "እኔ የራሴን፣ የአህያዋን ቃል ነው ያጠናሁት፤ ጅቧን ማን ነክቷት!" አለች። ክረምቱን ሙሉ አንድ ቀን እንኳን የጅቧን ቃል አልያዘችም ለካ።

መጋዝ ጠየቅኩ። ኦልያድ ሁለቱንም ጉንጭ እኩል እንቁረጥ አለ። ቀኙ ምን አደረገኝ? ግራውን ብቻ፣ ከዓይን በታች እስከ አገጭ፣ ራሴ ቆረጥኩት። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፣ ሬዚን ቀባሁት። ለበስኩት። አልነከሰኝም። ቁራጩን እማዬ ወሰደችው፤ የት እንዳደረገችው አልጠየቅኳትም።

መስከረም 5

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ልጆቹ ወንበር ሳይበቃቸው ወለሉ ላይ ተደርድረው፣ አደይ አበባ ጭምር ይዘው። ካባዬን ለብሼ፣ ጉንጭ የጎደለው ጭምብሌን አስሬ ወጣሁ። "ጅቢት!" አሉ።

የሳቁ ቦታ ደረሰ። አህያዋ ሮዳስ ፊቴ ቆማ ትጠብቃለች። በሐምሌ ያሰብኩት ሳቁን በድምፅ ብቻ ለመሥራት ነበር። አፌን ከፈትኩት፣ ወጣ።

ከፊት የተቀመጠች አንዲት ትንሽ ልጅ ብድግ ብላ በጣቷ ጉንጬን እያሳየች "እማ! ጅቢት በቀዳዳው እየሳቀች ነው!" ብላ ጮኸች። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ማቆም አቃተኝ፤ ጋሽ ዓምሃ ከመጋረጃው ጀርባ "በቃ፣ ቀጥይ እንጂ!" እስኪሉኝ ድረስ።

ሲያልቅ ሮዳስ የአህያ ጆሮዋን ሳታወልቅ ጥግ ሄዳ ስታለቅስ አየኋት። ሰሞኑን ቢሆን ምን እንዳስለቀሳት ሌሊቱን ሙሉ እዚህ ደብተር ላይ ስመረምር አድር ነበር።

ሄጄ ጠየቅኳት።